ወፎቹ ከፊንላንድ፣ ሽምብራው ከፎገራ

ልጆቻችሁ ቴሌቪዥን ላይ የባሕር ዳርቻ አይተው “እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?” ብለው አፋጥጠዋችሁ ያውቃሉ? የእኔዎቹ አፋጥጠውኛል፤ ያውም ከጣና በእግር ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ርቀት እየኖርን። ለእነሱ ጣና ማለት ቅዳሜና እሑድ ለስላሳ የሚጠጣበት፣ ጀልባ የሚቆጠርበት፣ “ጠርዙ ጋ አትሂዱ” የሚባልበት ቦታ ነው። ዳርቻ አይመስላቸውም። አሸዋ የለውማ!

አገራችን የባሕር በር ባይኖራትም በእኛ አካባቢ ሰው ጣናን “ባሕሩ” ብሎ ነው የሚጠራው። የባሕር ዳር ስም ራሱ ሌላ ትርጉም የለውም። ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ውሃ አጠገባችን ተኝቶ ልጆቻችን ዳርቻ የሚናፍቁ ከሆነ፣ ዳር ያለው በሌላ በኩል ይሆናል ብለን ጥር 2012 ዓ.ም. ከጥምቀት ቀጥሎ በነበረው ቅዳሜ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ወዳለው የፎገራ ሜዳ ይዘናቸው ሄድን።

እኔ የተወለድኩት ወረታ ነው። ወረታን የማታውቋት ካላችሁ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምታገኟት፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚገነጠለው መንገድ የሚጀምርባት ከተማ ናት። አብዛኛው መንገደኛ ቡና ጠጥቶ ነው የሚያልፋት። ከአስፋልቱ ወደ ምዕራብ ሲያይ የሚታየው ጠፍጣፋ መሬት ብቻ ስለሆነ ምንም የሌለበት ይመስለዋል። እዚያ ጠፍጣፋ መሬት ላይ ግን የጉማራና የርብ ወንዞች በየክረምቱ ሞልተው ይተኛሉ፤ ክረምቱ ሲወጣም ረግረግ ትተው ይሄዳሉ። ከረግረጎቹ ሁለቱ ሸሸርና ወላላ ይባላሉ። ዩኔስኮ በሰኔ 2007 ዓ.ም. የጣናን አካባቢ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግብ እነሱም አብረው ገብተዋል።

ጥብቅ ስፍራ ስላችሁ ግን አጥር፣ የትኬት መስኮትና አረንጓዴ የለበሰ ጥበቃ እንዳትጠብቁ። ባዮስፌር ማለት ሰውን አስወጥቶ አውሬውን ማስቀረት አይደለም። በጥብቅ የሚጠበቅ እምብርት አለው፤ በዙሪያው ደግሞ ሰው እያረሰ፣ ከብት እያገደ፣ አሣ እያጠመደ የሚኖርበት መሬት አለ። ስለዚህ እዚያ ስትሄዱ የምትገቡት ፓርክ ውስጥ ሳይሆን የሰው ማሳ ውስጥ ነው። ይኼንን አስቀድሜ የነገርኳችሁ ወደ በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

የተነሳነው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው ባለቤቴ “ወፍ ለማየት ከዶሮ ቀድሞ የሚነሳ ሰው አንቺን ብቻ ነው ያየሁት” እያለ መሪውን ያዘ። ሐሙሲትን አለፍን፣ የጉማራን ድልድይ ተሻገርን። ወረታ ላይ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አገልግሏን ይዛ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ከዚያ ወደ አዲስ ዘመን የሚወስደውን አስፋልት ጥቂት ሄደን ወደ ግራ ታጠፍን። መጨረሻ ላይ ያለውን የግማሽ ሰዓት መንገድ በእግራችን ነው የሄድነው፤ ዋልካ መሬት በበጋ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም የአምስት ዓመት ልጅ እግር እስከ ጉልበት ይውጣል። ትንሹ ልጄ ሁለቴ ገብቶ ሁለቴ ወጣ። ደስ አለው እንጂ አላለቀሰም።

መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው። ገና ጨለማው ሳይገፍ፣ ከፊት ለፊታችን ብዙ ሰዎች ያልተስተካከለ መለከት የሚነፉ የሚመስል ጩኸት ተሰማ። ልጄ እጄን ጨበጠች። ከዚያ ሰማዩ ከደብረ ታቦር በኩል መቅላት ሲጀምር፣ ጥልቀቱ ከጉልበት በማያልፍ ውሃ ውስጥ እንደ ችግኝ ተደርድረው የቆሙ ግራጫ ነገሮችን አየን። ችግኝ አልነበሩም። አንገታቸው ረጅም፣ እግራቸው ረጅም ነው፤ ቁጥራቸውን ለመገመት አልሞከርኩም። ፀሐይዋ ብቅ ስትል በቡድን በቡድን እየተነሱ፣ በጭንቅላታችን ላይ ቀስት እየሠሩ ወደ ማሳው አለፉ። ይኼ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። ሁለቱም ልጆቼ አልተናገሩም። ልጆች ያላችሁ ሰዎች ግማሽ ሰዓት ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

እነዚህ ወፎች ክሬኖች ናቸው። ትልቋ ልጄ ስሙን ስትሰማ “ክሬን እኮ ሕንፃ የሚሠራው ነው!” አለች። አባቷ ማሽኑ ስሙን ያገኘው ከወፏ መሆኑን፣ አንገቷን አይተው እንደሰየሙት ሲነግራት ለረጅም ጊዜ አላመነችውም። ግራጫዎቹ ክሬኖች የሚፈለፈሉት ፊንላንድ፣ ኢስቶኒያና ሩሲያን በመሳሰሉ ሰሜናዊ አገሮች ነው። እዚያ ብርዱ ሲጠና ይነሱና በጥቅምትና በኅዳር እኛ ጋ ይደርሳሉ። በጣና ዙሪያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩት ከርመው የካቲት ሲያልቅና መጋቢት ሲገባ ይመለሳሉ። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ቆመው የሚያድሩበት ምክንያት አላቸው፤ ጅብም ቀበሮም ቢመጣ የእግሩ መንቦጫረቅ ያስነቃቸዋል። ቀን ቀን ማሳ ላይ ይውላሉ።

ቤተኞችም አሉ። ሣሩ ውስጥ ሁለት ጥቁር ክሬኖች አገኘን፤ አናታቸው ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ላባ አላቸው። እነዚህ ከየትም አልመጡም፣ የትም አይሄዱም። ከሌሎቹ ክሬኖች የሚለዩት ዛፍ ላይ መስፈር በመቻላቸው ነው። በዓለም ደረጃ ለመጥፋት የተጋለጡ ተብለው ከተመዘገቡት ወፎች ውስጥም ናቸው። ልጄ “ንግሥቷ የቷ ናት?” አለችኝ። ወንዱና ሴቷ በመልክ ስለማይለዩ መልስ አልነበረኝም።

አሁን ወደ አጎቴ ልውሰዳችሁ።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ እኛ ሁላችን “አያ” ነው የምንላቸው። ከረግረጉ ዳር የሽምብራ ማሳ አላቸው። ስንደርስ ማማው ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ወንጭፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነበር። ልጆቹን አቅፈው ከሳሙ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ “አንቺ ወፍ ልታዪ መጣሽ፤ እኔ ወፍ ስጠብቅ ከረምሁ።”

የፎገራ ገበሬ ክረምት ላይ ሩዙን ያበቅላል፤ ሩዙ ሲነሳና ውሃው ሲሸሽ መሬቱ በያዘው እርጥበት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ክሬኖቹ የሚመጡት ልክ በዚያ ጊዜ ነው። ከሩዙ ቃርሚያ ቢለቅሙ ማንም ቅር አይለውም። ግን ቡቃያውንም ይነቅላሉ፣ እሸቱንም ይበላሉ። እኔ ከፌስቡክ ላይ “የሰላም እንግዶች” የሚል ጽሑፍ አንብቤ ነበር የሄድኩት። አያም “እንግዶቹ” ነው የሚሏቸው፤ ግን ሲሉት ድምፃቸው ሌላ ነው። ወር ሙሉ ሳይሄድ የቀረ እንግዳ ቤታችሁ ካደረ ድምፁን ታውቁታላችሁ።

“አያ፣ ታዲያ አንቱ ለምን አጥብቀው አያባርሯቸውም?” አልኳቸው።

“አባርራለሁ እንጂ። እነሱም ዞረው ይመጣሉ። ደግሞ ሽምብራውን ብቻ አይደለም የሚበሉት፤ ትሉንም ይበሉታል። ብቻ የእነሱንና የእኔን ሂሳብ ማን ይሠራዋል?”

ልጆቹ ማማው ላይ ወጡ። ከዚያ ላይ ሆነው አንድ ጊዜ ወንጭፍ እንዲያስጮሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ባይናኩላር እንዲያዩ ተፈቀደላቸው። በአንድ ማማ ላይ ወፍ ማየትም ወፍ ማባረርም የሚቻልበት የቱሪስት ቦታ እኔ ሌላ አላውቅም። ከዚያ የሽምብራ እሸት ተነቀለላቸውና ወፎቹ የተረፉትን እነሱ ጨረሱት።

እዚህ ላይ ስለ ሩዝ ካልነገርኳችሁ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። ድሮ ፎገራ የሚታወቀው በከብቱ ነበር፤ ረግረጉን የለመደ፣ ወተት የሚሰጥ፣ በአገሩ ስም የሚጠራ ዝርያ አለው። ጤፍ ውሃው ውስጥ ይሰምጣል። ሩዝ የገባው በደርግ ዘመን ነው፤ ጅግናና ሻጋ በተባሉ የገበሬ ማኅበራት ማሳ ላይ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እየረዱ እንደተሞከረ የአካባቢው ሽማግሌዎች ዛሬም ያወራሉ። ከዚያ የወጣውም ዝርያ እስካሁን “ኤክስ ጅግና” ይባላል። ውሃ የተኛበት መሬት፣ ሸክም የነበረው፣ በአንድ ትውልድ ውስጥ ነጭ ወርቅ ሆነ። ዛሬ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው ወረታ ነው፤ በየቤቱም ጤፉ ከሩዝ ዱቄት ጋር ተደባልቆ ይጋገራል። የእኔም የቢዝነስ ዲግሪ የወጣው ከሩዝ ነው። አባቴ በየዓመቱ ኅዳር ላይ የሸጠው ኩንታል ነው የቤት ኪራዬም፣ የመጽሐፌም፣ ለምርቃት የለበስኩት ቀሚስም።

ታዲያ ሩዙ የመጣው ከየት መሬት ላይ ነው? ከረግረጉ። ውሃው በሸሸ ቁጥር ማረሻው ይከተለዋል። በበጋ ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም አለ፤ የውሃ ሞተሩ ከቀረው ኩሬ እየሳበ ያጠጣል። አያ እንደሚሉት በርብ ዳር ለጎርፍ መከላከያ የተሠራው የአፈር ክትርም ወንዙ እንደ ድሮው ወደ ረግረጉ ሞልቶ እንዳይገባ አድርጎታል። ተመራማሪዎች የሳተላይት ምስል አነጻጽረው፣ ከ1980 እስከ 2000 ዓ.ም. ገደማ ባሉት ሃያ ዓመታት ሸሸርም ወላላም በጣም መጥበባቸውን ጽፈዋል። ልጅ ሆኜ ውሃ የነበረበትን ቦታ ለልጄ ሳሳያት ጠፍ መሬት እንኳ አልነበረም፤ የሽንኩርት መደብ ነው፤ ያውም የሚያምር።

ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ይኼን ስል ፖለቲከኛ መሆን ፈልጌ አይደለም።

ረግረጉ ለወፍ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። አምባዛ በክረምት ወደነዚህ ጥልቀት የሌላቸው ውሃዎች ገብቶ ይራባል፤ ምሳ ላይ በሰሃን የቀረበልን አሣ ዘሩ ከዚያ ነው። ከብቱ በበጋ ሣር የሚያገኘው እዚያ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት እኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የአያ ቤት ውስጥ ውሃው ከመደቡ በላይ ወጥቶ ጎተራው ተንሳፍፎ እናቴ ስታለቅስ አስታውሳለሁ። አያ ያንን ዓመት ሲያነሱ “ውሃ ማደሪያውን ካጣ ሰው ቤት ያድራል” ይላሉ።

ምሳ የበላነው እሳቸው ቤት ነው። የአሣ ወጥ፣ በሩዝና በጤፍ የተጋገረ እንጀራ፣ እርጎ። በመሃል የአያ የመጨረሻ ልጅ ገባ። ኮሌጅ ጨርሶ ዲፕሎማውን ይዞ ሁለት ዓመት ሥራ ያጣ ልጅ ነው፤ ለፋሲካ ሽማግሌ ሊልክ አስቧል። የአያ ይዞታ ደብተር ላይ ከረግረጉ ጋር የሚዋሰን ሣር የሚታጨድበት ቁራጭ መሬት አለ። እንደ ሌሎቹ አርሶት፣ የውሃ ሞተር አስገብቶ ሽንኩርት ሊተክልበት ይፈልጋል። አያ አልፈቀዱም፤ አልከለከሉምም። ሁለት ላሞቻቸው የሚበሉት ከዚያ ሣር ነው። ዘውድ ያላቸውን ወፎች ያየነውም እዚያው ሣር ውስጥ ነበር።

“ወፎቹ ያለ ቪዛ ከአውሮፓ ይመጣሉ፤ እኔ ተወልጄ ያደግሁበት ወረታ ላይ ሥራ አጣሁ” አለ እየሳቀ። ሳቁ ላይ አትፍረዱበት።

የእኔ ሥራ ማርኬቲንግ ነው። ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ስልኬን አውጥቼ ማስላት ጀመርኩ። ምርቱ ምንድን ነው? የንጋቱ ግማሽ ሰዓት። ገዢው ማን ነው? እንደ እኔ ያለ፣ ቅዳሜ ልጆቹን የት እንደሚወስድ የጨነቀው ቤተሰብ፤ ደግሞም ለጥምቀት ጎንደር ደርሶ በዚሁ አስፋልት የሚመለሰው የአዲስ አበባ ሰው። ከኅዳር እስከ የካቲት አሥራ ስድስት ቅዳሜዎች ቢኖሩ፣ በየቅዳሜው አምስት መኪና ቢመጣ፣ እያንዳንዱ ለአስጎብኚ 200 ብር ቢከፍል 16,000 ብር ይሆናል። የአጎቴ ልጅ ቁጥሩን አየና ስልኩን መለሰልኝ። “ሽንኩርቱ በአንድ በጋ ከዚህ ይበልጣል፤ ነዳጁን ቀንሼ እንኳ።”

“ሽንኩርት የወደቀ ዓመትስ?” አሉ አያ። ሽንኩርት ሲወድቅ ምን እንደሚመስል ወረታ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ ለቃሚ የሚከፈለው ከሚሸጠው በልጦ ማሳው ላይ ይቀራል።

“ሰው ያልመጣ ዓመትስ?” አለ ልጁ።

እናቴ ሁለቱንም ዝም ለማሰኘት ሁለተኛውን ቡና ቀዳች። እኔም ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ቁጥሩ ብቻውን እንደማያሸንፍ ገብቶኛል። ምሳ፣ እርጎ፣ እሸት፣ ማማ መውጣት ቢጨመርበት ይሻላል፤ ግን አሁንም ሽንኩርቱ ቀላል ተፎካካሪ አይደለም። መጽሔት ላይ “ተፈጥሮን እንጠብቅ” ብሎ መጻፍ የሚቀለው የሽንኩርት መደብ ለሌለው ሰው ነው።

ከሰዓት በኋላ በመኪና እስከ ሐይቁ ዳር ወረድን። ልጆቹ በመጨረሻ ዳርቻቸውን አገኙ፤ አሸዋ አልነበረውም፣ እምቦጭ ግን ነበረው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣና ላይ የተንሰራፋው ይኼ አረም ሐምራዊ አበባው ሲያዩት ያምራል። ልጄ ልትቀጥፈው ስትል እናቴ “እሱን ቅጠፊው የኔ ልጅ፣ ከነሥሩ ቅጠፊው፤ ሁሉንም ቅጠፊው!” አለቻት። ስቀን ሞትን። ፔሊካኖች ሩቅ ላይ ይታያሉ። አንድ ታንኳ ከደንገል የተሠራ፣ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦበት፣ በአረሙ መሃል መንገድ እየፈለገ ሲያልፍ አየን። ትንሹ ልጄ “ከሣር ነው የተሠራው?” ብሎ አባቱን ጠየቀው፤ አባቱም ፒያሳ ላይ ታንኳ አልነበረምና ወደ እኔ አየ።

መሄድ ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልጨምር። በክረምትና በመስከረም አትሞክሩት፤ ዋልካው መኪናችሁን ይይዘውና የሚያወጣችሁ በሬ ነው። ጥሩው ጊዜ ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ነው። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጋቢ ያዙ። መጸዳጃ ቤት የለም፣ ሱቅ የለም፤ ውሃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ላስቲኩን ይዛችሁ ተመለሱ። ባይናኩላር ከሌላችሁ ተዋሱ። ልጆች ለፎቶ እንዲበሩ ብለው ወደ መንጋው እንዳይሮጡ፤ ከሰሜን አውሮፓ ድረስ የበረረ ወፍ ለእኛ ፎቶ ሲል ከቁርሱ መነሳት የለበትም። ማሳ አትርገጡ። የአካባቢውን ወጣት ይዛችሁ ግቡ፤ ዋጋውን ስትነሱ ሳይሆን ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ። እሸት ከበላችሁ ክፈሉ፤ ወፎቹ አይከፍሉም።

ይኼን የምጽፈው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። ትናንት የአጎቴ ልጅ ደውሎልኝ ነበር። እንግዶቹ መሄድ ጀምረዋል፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ሰሜን እየዞሩ ከፍ ከፍ ይላሉ አለኝ። ከመሥሪያ ቤቴ የላክኋቸው ሦስት ቤተሰቦች መጥተው ነበር፤ እሱ አስጎብኝቷቸው፣ እናቱ ምሳ አቅርባላቸው፣ ከጠበቀው በላይ ከፍለውታል። አያ ሣሩን ገና እንዳላስነኩት ነገረኝ፤ “ክረምቱ ይግባና እናያለን” ነው የሚሉት። ሞተር የሚያከራየው ጎረቤትም ቀብድ እየጠየቀው ነው።

ከዚያ “ኅዳር ላይ ስንት መኪና ትልኪልኛለሽ? ቁርጡን ንገሪኝ” አለኝ።

አሥር አልኩት። እስካሁን አራት ቤተሰብ ቃል ገብቶልኛል፤ ስድስት ይቀረኛል።